ከመዝገቡ መጨረሻ የተያያዘችው ብጣሽ ወረቀት፦ ስለ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ማስረጃነት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለፌዴራልና ለክልል ፖሊስ ኮሚሽኖች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ውጤቶች በወንጀል ክርክር በማስረጃነት ስለሚቀርቡበት መንገድ

ለአሥራ አንድ ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ በቴክኖሎጂስትነት ሠርቼ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ ተምሬ፣ ዛሬ በጥብቅና ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሁለቱ ሙያዎች እምብዛም አይገናኙም፤ የሚገናኙት አንድ ሰው ሰክሮ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ነበር የሚል ቁጥር ከላቦራቶሪ ወይም ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ችሎት ፊት ሲቀርብ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ መገናኛ ላይ በተደጋጋሚ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር አንድ ችሎት ላይ የመሐል ዳኛው ከመዝገቡ መጨረሻ በስቴፕለር የተያያዘች፣ ከሱፐርማርኬት ደረሰኝ የማትበልጥ ወረቀት ገልጠው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት። የትንፋሽ መለኪያው የተፋት ወረቀት ነበረች። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነች በአሥር ወር ውስጥ ደብዝዛ ግራጫ ሆናለች። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ እንደገና አደረጉና «ዐቃቤ ሕግ፣ ይህ ስድስት ነው ወይስ ስምንት?» ሲሉ ጠየቁ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቷን አላየም፤ በእጁ የያዘውን የክስ ማመልከቻ አየና «ስምንት ነው ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ መለሰ። ክሱ በወረቀቷ ይረጋገጣል ሲባል፣ ወረቀቷ በክሱ ተነበበች።

በዚያች ቁጥር ላይ ምን ያህል ነገር እንደተንጠለጠለ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን የሕጉን ድንጋጌ ላስታውስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ ደረጃ አውጥቶለታል። ሰው የገደለው የሌላውን ሕይወት ወይም ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን፣ ሹፌር ብዙውን ጊዜ የሚከሰሰውም በዚሁ ነው፣ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ነው። አልኮል ጠጥቶ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ያደረሰ እንደሆነ ግን ጉዳዩ ወደ ንዑስ አንቀጽ 3 ይሻገርና ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይሆናል። አደጋው ያው አደጋ፣ ሟቹ ያው ሟች፣ መንገዱም ያው መንገድ ሆኖ፣ የአንዱ ቅጣት ጣሪያ ለሌላው መነሻ የሚሆንበትን ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ይህች የደበዘዘች ወረቀት ናት። በስርቆት መዝገብ አንድ ሞባይል ስልክ እንኳ በኤግዚቢትነት ሲቀርብ ማን እንዳስረከበና ማን እንደተረከበ ይፈረምበታል። ለዚህች ወረቀት ግን ማንም ሲፈርም አላየሁም።

ከላይ ወዳነሣሁት መዝገብ ልመለስ፤ መዝገቡ ስለተዘጋ መናገር እችላለሁ። አደጋው የደረሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ነው። ወረቀቷ ላይ የታተመው ሰዓት 03:25 ይላል። ክሱን ያዘጋጀው ሰው ይህን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ25 ብሎ ጻፈው። የዐቃቤ ሕግ ባለሙያ ምስክርም ክሱን ይዞ፣ ከአደጋው እስከ ምርመራው ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ አልፏል ብሎ በመነሣት ሹፌሩ በአደጋው ሰዓት የነበረበትን መጠን ወደኋላ አሰላ። ሰውነት በአማካይ በሰዓት ከ100 ሚሊሊትር ደም ውስጥ 15 ሚሊግራም አልኮል ያስወግዳል፤ ስሌቱ በራሱ የታወቀ ስሌት ነው። ነገር ግን መለኪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነበር። 03:25 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ25፣ ማለትም አደጋው በደረሰ በአርባ አምስተኛው ደቂቃ ነው። በስድስት ሰዓት ስሕተት ምክንያት ባለሙያው በሹፌሩ ደም ላይ 90 ሚሊግራም ጨመረበት። በብዙ አገሮች ሕግ የተከለከለው መጠን መነሻ 80 ሚሊግራም መሆኑን ላስታውስ፤ ሰውዬው ጠብታ ባይቀምስ እንኳ በዚህ ስሌት ሰክሮ ነበር ማለት ነው። ስሕተቱን ያገኘሁት በመስቀለኛ ጥያቄ ጥበብ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ችሎቱ ለዕረፍት ሲነሣ ኮሪደር ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ ለጓደኛው «እኔ እኮ ያስነፋሁት ሌሊት ነው፣ ጠዋት ቤቴ ተኝቼ ነበር» ሲል ጆሮዬ ስለገባ ነው።

ሰዓቱ ቢስተካከል እንኳ ወደኋላ የማስላቱ ነገር ጥንቃቄ ይሻል። በሰዓት 15 ሚሊግራም የሚለው አማካይ ነው፤ ከሰው ሰው ከ10 እስከ 25 ይለያያል፤ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያቃጥል ይችላል። በዚያ ላይ የጠጣው አልኮል ገና ከሆድ ወደ ደም እየገባ ባለበት ሰዓት ላይ ወደኋላ ማስላት ፈጽሞ አይቻልም። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ጠግቦ በልቶ ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጥቶ ወዲያው መሪ የጨበጠ ሰው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመረመር በአደጋው ሰዓት ከነበረው የበለጠ መጠን ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን መጠጥ መቼ እንደጠጣ ሳይጠየቅ የተሠራ ስሌት ከግምት አያልፍም፤ በአምስትና በአሥራ አምስት ዓመት መካከል ለሚወስን ፍርድ ግምት አይበቃም።

የትንፋሽ መለኪያ በአግባቡ ከተያዘ ጥሩ መሣሪያ ነው። በእጅ የሚያዘው ዓይነት በውስጡ አልኮሉን አቃጥሎ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያመነጭ ክፍል አለው፤ ፍሰቱ በበረታ ቁጥር የሚነበበው መጠን ይጨምራል። መሣሪያው ደም አያይም። ትንፋሹን ይለካና 2,100 ሚሊሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል 1 ሚሊሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው በሚል የተለመደ ስሌት ወደ ደም ይቀይረዋል። ከዚህ የተነሣ አልኮሉ ከሳንባ ሳይሆን ከአፍ የመጣ እንደሆነ ቁጥሩ ዋጋ አይኖረውም። አረቄ ገና የተጎነጨ፣ ያገሳ ወይም ያስመለሰ ሰው ወዲያው ቢነፋ መለኪያው የሚያነበው አፉን ነው። ለዚህ ነው ደንብ ባላቸው አገሮች ከመነፋቱ በፊት ለ15 ደቂቃ ያህል ሰውየው ምንም ወደ አፉ ሳያደርግ፣ ሳያገሳ፣ በፖሊሱ ዐይን ሥር እንዲቆይ የሚደረገው። በእጄ ካለፉት መዝገቦች ውስጥ ይህ ሩብ ሰዓት መጠበቁን የሚናገር አንድም የፖሊስ ቃል አላነበብኩም። ተጠብቆ ይሆናል፤ አልተጻፈም።

ስለ ልኬት ማስተካከያ፣ በተለምዶ ካሊብሬሽን ስለምንለው፣ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለእኛ አገር የተለየ ጉዳይ አለው። መለኪያው በየጊዜው መጠኑ ከታወቀ አልኮል ጋር ተመዛዝኖ መስተካከል አለበት። አንዱ መንገድ እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሞቀ የአልኮልና የውኃ ድብልቅ የሚወጣውን እንፋሎት መጠቀም ነው። ሌላው፣ ለማጓጓዝና ለመያዝ ስለሚቀል የተስፋፋው፣ በሲሊንደር የታመቀ ደረቅ ጋዝ ነው። በዚህ ሲሊንደር ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክል የሚሆነው በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች የአየር ግፊቷ የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በመሆኑም ሲሊንደሩ ላይ 80 ተብሎ ቢጻፍም እዚህ ሲከፈት የሚወጣው ጋዝ በእውነት የያዘው 60 ገደማ ብቻ ነው። ባለሙያው ይህን ሳያርም መለኪያውን «ይህ 80 ነው» ብሎ ካስተማረው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መለኪያው 60 ያለበትን ሰው ሁሉ 80 ብሎ ያነብባል። የግፊት መለኪያ የተገጠመላቸውና ራሳቸው የሚያርሙ መሣሪያዎች አሉ፤ የእንፋሎቱ ዘዴም በግፊት አይናወጥም። ጥያቄዬ መሣሪያዎቹ ሁሉ ስሕተት ናቸው የሚል አይደለም። ጥያቄዬ መዝገብ ላይ የቀረበው መሣሪያ በየትኛው ዘዴ፣ በየትኛው ከፍታ፣ በማን፣ መቼ ተስተካከለ የሚል ነው፤ ይህንንም ተከሳሹ እንዲያይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት መብት ሰጥቶታል። የመሣሪያው የማስተካከያ ሰነድ የማስረጃው አካል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ጭንቀት እንዳይመስል ሀብታሞቹ አገሮች ያዩትን ላንሣ። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት የትንፋሽ መለኪያዎችን የሚያስተካክል አንድ የፖሊስ ሳጅን፣ ከማስተካከያው ቅደም ተከተል ውስጥ አንዱን፣ የድብልቁን ሙቀት በተረጋገጠ ሌላ ቴርሞሜትር የመለካትን ሥራ፣ ሳይሠራ እንደሠራ አድርጎ ይፈርም ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በእነዚያ መለኪያዎች የተገኘ ውጤት በማስረጃነት አይቀርብም ሲል ወሰነ፤ ጉዳዩ የነካቸው ሰዎች 20,667 ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ሰዎቹ አልጠጡም አላለም። ቁጥሩ የሚታመንበት ምክንያት ጠፍቷል ነው ያለው። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2017 በማንቸስተር የሚገኝ አንድ የግል ላቦራቶሪ የምርመራ መረጃ ተነካክቶበታል ተብሎ ከ10,000 በላይ ውጤቶች እንደገና መታየት ነበረባቸው፤ አብዛኞቹም ዕፅ ወስዶ ከማሽከርከር ጋር የተያያዙ ነበሩ።

ከትንፋሹ ወደ ደም ስናልፍ ነገሩ ይሻላል ብለን እንጠብቃለን። እዚህ ላይ የራሴን ጉዳይ ልናገር፤ ደብዳቤዬ ለጠጪ ሹፌሮች ጥብቅና የቆመ የሚመስለው አንባቢ ካለም መልስ ይሆነዋል። የአክስቴን ልጅ ቀለበት መንገድ ላይ ገጭቶ የገደለው ሹፌር ሰክሮ ነበር። በቦታው የነበሩት ሰዎች ሁሉ መስክረዋል፤ ከመኪናው ሲወርድ መቆም አልቻለም። ደሙ የተወሰደው በአንድ ሆስፒታል ነው፤ ስሙን አልጠራም። የቀዳችለት ነርስ ክንዱን የጠረገችው እንደማንኛውም በሽተኛ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ነበር። ደሙ የገባው ለተራ ምርመራ በሚውል ቀይ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ነው። ዕለቱ ዓርብ ማታ ስለነበር እስከ ሰኞ ጠዋት በጠረጴዛ ላይ፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ቆየ። ቱቦው ላይ የተጻፈው የአባት ስም የሌላ ሰው ነበር፤ በኋላ በእስክሪቢቶ ተሰርዞ ተስተካክሏል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። ለአልኮል ምርመራ የሚቀዳ ደም ሶዲየም ፍሎራይድ ባለበት፣ ክዳኑ ግራጫ በሆነ ቱቦ መቀዳት አለበት፤ ፍሎራይዱ ረቂቅ ተሕዋስያን በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር አብላልተው አልኮል እንዳይሠሩ ያግዳል። ጠላ በጋን ውስጥ የሚሆነውን፣ ያልተጠበቀ ደም በቱቦ ውስጥ በመጠኑ ሊሆነው ይችላል። ክንዱም አልኮል በሌለው ነገር መጠረግ አለበት። የሹፌሩ ጠበቃ ይህን ሁሉ አነሣ፣ ፍርድ ቤቱም የደሙን ውጤት ወደ ጎን ተወው፤ ሹፌሩ በቀላሉ ንዑስ አንቀጽ ተቀጥቶ ወጣ። እኔ ጠበቃውን ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር፤ ዳኛውን ብሆንም ያንኑ እወስን ነበር። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ አልገባትም፤ በየዓመቱ ተዝካሩ ላይ «ሰክሮ ነበር እኮ፣ ሁሉም አይቶታል» ትለኛለች፤ ቀይ ክዳንና ግራጫ ክዳን ምን እንደሆነ ላስረዳት ሞክሬ ትቼዋለሁ።

በዚሁ አጋጣሚ ዐቃብያነ ሕግ በተደጋጋሚ የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ሆስፒታሎች ለሕክምና ሲሉ አልኮል የሚለኩት ብዙውን ጊዜ በሙሉ ደም ሳይሆን ደሙ ከረጋ በኋላ በሚለየው ፈሳሽ፣ በሴረም ነው። ሴረም ከሙሉ ደም የበለጠ ውኃ ስለሚይዝ አልኮሉም ከፍ ብሎ ይገኝበታል፤ ልዩነቱ ከመቶ ከ10 እስከ 20 ይደርሳል። ሕግ ስለ ደም ሲናገር የሴረምን ቁጥር ሳይቀይሩ ማቅረብ አንድን ሰው ከወሰኑ በታች ሆኖ ሳለ ከወሰኑ በላይ ያደርገዋል። ሐኪሙ ለሕክምና ስለሠራው አልተሳሳተም። የተሳሳተው ለሌላ ዓላማ የተሠራን ቁጥር አንሥቶ ክስ ያደረገው ነው።

አደንዛዥ ዕፅን በሚመለከት ደግሞ የሽንት ኪት የሚባለው ነገር በቅርብ ዓመታት እየተስፋፋ ነው። ሽንት ጠብ ይደረግበታል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ መስመር ይታያል ወይም አይታይም። እነዚህ ኪቶች ለማጣሪያነት የተሠሩ ናቸው። የሚፈልጉትን ነገር የሚለዩት በቅርጹ ስለሆነ ቅርጹ የተቀራረበ ሌላ ነገር ያታልላቸዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በአንዳንዶቹ ኪቶች ላይ የኦፒየም ዝርያ ሆኖ ይታያል። ለብዙ ዓመት ለኤችአይቪ ሕክምና በአገራችን በስፋት የተሰጠው ኢፋቪሬንዝ በአንዳንዶቹ ላይ እንደ ካናቢስ ያስነብባል። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን ከአምፌታሚን ጋር በቅርጽ የተቀራረቡ ናቸው፤ ጫት በእኛ ሕግ አልተከለከለም፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሲቅም የዋለ ሰው በአንድ መስመር ምክንያት የአምፌታሚን ተጠቃሚ ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛውን፣ ቫይረሱ በደሙ ያለበትን፣ ቃሚውን ደምረን ስናይ ቁጥራቸው ትንሽ አይደለም። ከዚህም ሌላ ኪቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ሽንት የሚናገረው ስለ ትናንትና ነው። ካናቢስን አዘውትሮ የወሰደ ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ሊታይበት ይችላል፤ በአደጋው ሰዓት አእምሮው ተነክቶ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ ሽንት መልስ የለውም።

እዚህ ላይ የጤና ጣቢያዎቻችን ከፍርድ ቤቶቻችን ቀድመው የተማሩት ነገር አለ። ማንም ኢትዮጵያዊ በአንድ የኤችአይቪ ኪት ብቻ «ቫይረሱ አለብህ» ተብሎ ወደ ቤቱ አይሸኝም። የመጀመሪያው ኪት ቢያሳይ፣ በተለየ ዘዴ በተሠራ በሌላ ኪት ይደገማል፤ ውጤቱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። በገጠር ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ይህን ቅደም ተከተል በቃሏ ታውቀዋለች። ታዲያ አንድን ሰው መድኃኒት ለማስጀመር ሁለተኛ ኪት ያስፈለገን ሰዎች፣ ያንኑ ሰው ወህኒ ለማውረድ አንድ ኪት እንዴት በቃን? ለዕፅ ምርመራ ሁለተኛው ደረጃ የሚሠራው በጋዝ ክሮማቶግራፍና በማስ ስፔክትሮሜትር ነው፤ ንጥረ ነገሩን በቅርጽ መመሳሰል ሳይሆን በክብደቱና ሲሰባበር በሚሰጣቸው ቁርጥራጮች አንድ በአንድ የሚለይ ዘዴ ነው። ከዚህ በታች የሆነ ውጤት ፖሊስን ለተጨማሪ ምርመራ ሊያነሣሣ ይገባል እንጂ ፍርድ ሊያሰጥ አይገባም።

ይህን ደረጃ መዝለል ምን እንደሚያስከትል ካናዳ አይታዋለች። በቶሮንቶ ከተማ በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ማዘሪስክ የሚባል ላቦራቶሪ ነበር። የሕፃናት ጥበቃ ድርጅቶች የወላጆችን ፀጉር እየላኩ ዕፅና አልኮል ይወስዱ እንደሆነ ያስመረምሩበት ነበር። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ ያለፉ ወራትን ታሪክ ይይዛል ተብሎ ይታመናል፤ ለዳኛ ጆሮ የሚጥም ነገር ነው። ላቦራቶሪው ለዓመታት ይጠቀም የነበረው እኛ በኤችአይቪ ምርመራ ስሙን የለመድነውን ኤላይዛ ነበር፤ ማለትም ማጣሪያውን። ማረጋገጫ ሳይጨመርበት የማጣሪያው ውጤት በቁጥር ተጽፎ ፍርድ ቤት ይቀርብና ልጆች ከእናቶቻቸው ይወሰዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአንዲት እናት ላይ በፀጉር ምርመራ የተመሠረተ የጥፋተኝነት ውሳኔ ከሻረ በኋላ ነገሩ ተገለጠ። ጉዳዩን እንዲመረምሩ የተሾሙት ጡረተኛዋ የይግባኝ ዳኛ ሱዛን ላንግ በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሪፖርት፣ ላቦራቶሪው ከ2005 እስከ 2015 የሠራው የፀጉር ምርመራ ለሕፃናት ጥበቃም ሆነ ለወንጀል ክርክር በቂም አስተማማኝም አልነበረም አሉ። ዳኛ ጁዲት ቢማን የመሩት ኮሚሽን ቀጥሎ ከ1,200 በላይ መዝገቦችን አየ፤ በ56ቱ ላይ ምርመራው በውሳኔው ላይ ከባድ ተጽዕኖ አድርጎ ነበር። ብዙ ልጆች ግን በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ አዲስ እናት አውቀዋል፤ ብዙዎቹን መመለስ አልተቻለም።

እኔን ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የከነከነኝ ስለ ላቦራቶሪው አመሠራረት የተጻፈው ነው። ለሕክምና ጥናት የተቋቋመ እንጂ ለፍርድ ቤት ሥራ የተቋቋመ አልነበረም። ሠራተኞቹ የናሙና የእጅ በእጅ ርክክብ መዝገብ መያዝን፣ የተከሳሽ ወገን ባለሙያ ሥራቸውን እንዲፈትሽ መፍቀድን የሥራቸው አካል አድርገው አልተማሩም። ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ዳኞችም ነጭ ካፖርታቸውንና የሆስፒታሉን ስም አምነው ተቀበሏቸው። ነጭ ካፖርት ለብሼ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ያ ካፖርት ችሎት ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ለምስክርነት ቀርቤ ማንም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ተሰናብቻለሁ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ለውጡ ገንዘብ ይጠይቃል፣ መሣሪያም የለንም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ በከፊልም እውነት ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር በየወረዳው ሊተከል አይችልም። ነገር ግን ከምጠይቀው ውስጥ አብዛኛው ደንብ እንጂ ዶላር አይፈልግም። ዛሬ የምንመራበት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1954 ዓ.ም. የወጣ ነው። አንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ ተከሳሹ በሐኪም እንዲመረመር፣ ደሙም እንዲወሰድ ማድረግ ይችላል ይላል፤ ደሙ በምን ቱቦ እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚያሽገው፣ የት እንደሚቆይ፣ ተከሳሹ ድርሻውን ያገኝ እንደሆነ አይናገርም። በዘመኑ ሊናገርም አይችልም ነበር። ይህን ክፍተት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ፍትሕ ሚኒስቴርና ፖሊስ በጋራ በሚያወጡት መመሪያ ሊሞሉት ይችላሉ።

በእንግሊዝ ሕግ መንገድ ዳር የሚነፋው ትንሹ መለኪያ ሰውየውን ለመያዝ እንጂ ለመክሰስ አያገለግልም፤ ለክስ የሚሆነው በፖሊስ ጣቢያ ባለው ትልቁ መለኪያ ሁለት ጊዜ ተነፍቶ ነው፤ ከሁለቱም የሚያዘው ዝቅተኛው ቁጥር ነው። ደም የተወሰደ እንደሆነ ናሙናው ለሁለት ይከፈልና ሹፌሩ ከጠየቀ ግማሹ ታሽጎ ይሰጠዋል፤ ወደፈለገው ላቦራቶሪ ወስዶ ያስመረምረዋል። ይህ አሠራር ዐቃቤ ሕግን የሚጎዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ግማሹ በኪሱ ያለ ሰው ውጤቱን መካድ ይከብደዋል። ቢያንስ ይህ ግማሽ ናሙና፣ ቢያንስ ይህ ሁለት ጊዜ መንፋት በእኛ አገር ለምን አይቻልም?

ስለዚህ ከክቡራን ኃላፊዎች የምጠይቀው ይህን ነው። በሰው መሞት በሚከሰስ ሹፌር ላይ ንዑስ አንቀጽ 3ን ለመጥቀስ የመንገድ ዳር ወረቀት ብቻውን እንዳይበቃ፤ የደም ምርመራ ወይም በጣቢያ የተደገመ ትንፋሽ እንዲታከልበት። የእያንዳንዱ መለኪያ ቁጥር፣ የመጨረሻ ማስተካከያው ቀንና ዘዴ፣ ያስተካከለው ሰው ስም ከክሱ ጋር ተያይዞ እንዲቀርብ፤ ለዚህም የአገሪቱ የሥነ ልክ ተቋም ኃላፊነቱን እንዲወስድ፤ በእኔ እምነት ፖሊስ የራሱን መሣሪያ ራሱ መርምሮ ማለፉን ራሱ ሊያረጋግጥ አይገባም። ፖሊስ ሩብ ሰዓቱን መጠበቁን በቃሉ እንዲጽፍ፤ ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር። ሆስፒታሎች ግራጫ ክዳን ያላቸውን ቱቦዎችና አልኮል የሌለበትን መጥረጊያ በድንገተኛ ክፍላቸው እንዲያስቀምጡ፤ ዋጋቸው ከቀዩ ብዙም አይለይም። በሽንት ኪት ብቻ የተገኘ ውጤት በአንቀጽ 525 ሥር ለሚቀርብ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቆጠር፤ ተመርማሪው ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አስቀድሞ እንዲጠየቅ፣ መልሱም ምስጢርነቱ ተጠብቆ እንዲያዝ፤ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነፃነቱን ለማስመለስ ሲል ሕመሙን በአደባባይ ለመናገር መገደድ የለበትም።

ሌላው ሁሉ እስኪሠራ ከነገ ጀምሮ ሊደረግ የሚችል አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለ። ወረቀቷ በታተመችበት ዕለት ፎቶ ኮፒ ትደረግና ያስነፋው ፖሊስና የነፋው ሰው ኮፒው ላይ ይፈርሙ፤ ዋናዋም ከሙቀትና ከፀሐይ ርቃ በፖስታ ትያያዝ። አሥር ወር ቆይታ ችሎት ስትደርስ ስድስቱ ስድስት፣ ስምንቱም ስምንት ሆኖ ይነበባል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ጠበቃና የቀድሞ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት
አዲስ አበባ